የቢቸናው ሊቀ አንቀጽ

መብራት በገባበት ከተማ ሁሉ ሦስት ነገር አይታጣም፤ ዘመም ያለ ምሰሶ፣ ምሰሶው ላይ የሰፈረ ቁራ፣ እና የመብራትን ሕግ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ የጨረሰ አንድ ሰው። ምሰሶው ይቃናል። ቁራውም በድንጋይ ይባረራል። ሕግ ያነበበውን ሰው ግን ምንም ማድረግ አይቻልም።

ይህን እውነት ከስርጉት በላይ የሚያውቀው የለም። ስርጉት ቢቸና ውስጥ በመብራት ቢሮው የደንበኞች መስኮት ላይ ከተቀመጠች ሰባት ዓመቷ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ የሰከረ አስተናግዳለች፣ የተቆጣ አስተናግዳለች፣ ቆጣሪውን ከግድግዳ ነቅሎ በአህያ ጭኖ የመጣ ገበሬ ሳይቀር አስተናግዳለች። እነዚህ ሁሉ ተናግረው ተናግረው ይወጣላቸውና ይሄዳሉ። ጋሽ ገብረ ኪዳን ግን ቁጣ የላቸውም፤ ያላቸው አንቀጽ ነው። አንቀጽ ደግሞ ተናግረውት አያልቅም።

ጋሽ ገብረ ኪዳን በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ውለዋል፤ ኋላ የአማርኛ መምህር ሁነው ብዙ ዘመን አስተምረው ጡረታ ወጡ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይ ንብ ያነባል፣ ወይ ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ይካሰሳል። እሳቸው አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ለምነው ስለ ኤሌክትሪክ የወጣውን አዋጅ፣ ደንቡንና መመሪያውን ሁሉ አስመጡ። በፌስታል ጠቀለሉት፤ በየገጹ እንደ ዳዊት ቀይ ክር ሸጎጡበት። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ልክ በሦስት ሰዓት፣ ቢሮው ደጃፍ ላይ ጥላቸውን አጥፈው ይገባሉ። የቢቸና ሰውም ዝም ብሎ አላለፋቸው፤ "ሊቀ አንቀጽ" ብሎ ሾማቸው። ሹመቱን ያለ ምንም ቅሬታ ተቀበሉት። ቅሬታ ሳያቀርቡ የተቀበሉት ብቸኛ ነገር እሱ ሳይሆን አይቀርም።

"ልጄ፣ ቃሉ ምን ይላል?" ይላሉ መስኮቱ ላይ ክርናቸውን አስደግፈው።

ስርጉት ቃሉ ምን እንደሚል አታውቅም። እሳቸው ያውቃሉ። የሚጠይቋት እንድታውቅ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጧቱ እንዳለ የሄደው "እንደ አስፈላጊነቱ" በምትል አንዲት ቃል ነው። መመሪያው፣ ባለፈቃዱ፣ ማለትም መብራት አቅራቢው፣ መሥመሩን እንደ አስፈላጊነቱ ይፈትሻል ይላል። ጋሽ ገብረ ኪዳን መነጽራቸውን አውልቀው እንደ ቅኔ ቤት መምህር ያፍታቱት ጀመር። "አንድም ለባለፈቃዱ ሲያስፈልገው ነው። አንድም ለደንበኛው ሲያስፈልገው ነው። አንድም ምሰሶው ራሱ 'ልወድቅ ነው' ሲል ነው። እናንተ የቱን ይዛችሁ ነው የምትሠሩ?"

ስርጉት ከኋላቸው የተሰለፉትን አሥራ አራት ሰዎች አየችና፣ "ሦስተኛውን" አለች።

"እኔም እሱን ፈርቼ ነበር" አሉና ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

የቢሮው ኃላፊ ይታያል ይባላል። ስሙም መልሱም አንድ ነው፤ ማንም አቤት ቢለው "ይታያል" ብሎ ይመልሳል። ጋሽ ገብረ ኪዳን በዚህ የተነሳ አንድ ቀን ሰልፈኛው መሀል ሁነው፣ "ሰሙ የሰውየው ስም ነው፤ ወርቁ ግን 'አይታይም' ነው" አሉ። ነገሩ እስከ ደብረ ወርቅ ተወራ። ይታያል ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ሲሆን በጓሮ በር የመግባት አመል አወጣ። ስርጉትም ብትሆን ጥላቸውን ከሩቅ ስታይ ዕቃ ቤት ገብታ ያልጠፋ ነገር የምትፈልግበት ቀን ነበር።

ደግሞ ከቢሮም ውጭ አያርፉም። አንድ ሠርግ ቤት ፋንታ የሚባለው መብራት ዘርጊ ዳስ ውስጥ አምፖል ሲሰቅል ደረሱበት። የተጠሩት ለምርቃት ነው።

"ፋንታ፣ የብቃት ምስክር ወረቀትህን እስቲ አሳየኝ" አሉት።

"ጋሼ፣ ሠርግ እኮ ነው።"

"ሠርግ ስለሆነ ነው የምጠይቅህ፤ ለቅሶ እንዳይሆን።"

የሙሽራው አባት ይህን ሲሰማ ሽቦውን በሙሉ አስነቀለው፤ ሙሽሮቹም በጠራራ ፀሐይ ገብተው በጠራራ ፀሐይ በሉ። ፋንታ ተናዶ ሄዶ ተፈተነ። ዛሬ ምስክር ወረቀቱን በመስታወት አሠርቶ ከሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ለጋሽ ገብረ ኪዳን ሰላምታ የሚሰጠው ግን እስካሁን በግማሽ አፉ ነው።

ስርጉት ራሷ አንድ የገበያ ቀን ሽንኩርት ስትመርጥ ከአጠገቧ ድምፃቸውን ሰማች። አንዲት ነጋዴ "ይኸ መብራት የማን ነው? ማንን ነው የምንረግም?" ብላ ጠይቃቸው ኑሯል።

"ከመርገምሽ በፊት ለይተሽ እወቂ" ይሏታል። "ጤፉን የሚያመርተው ገበሬው ነው። ጭኖ ገበያ የሚያደርሰው ሌላ ነው። ሰፍሮ የሚሸጥልሽ ደግሞ ሌላ ነው። መብራትም እንዲሁ ነው፤ የሚያመነጭ አለ፣ የሚያስተላልፍ አለ፣ ቤትሽ ድረስ የሚያከፋፍል አለ። ከእነዚህ በላይ ደግሞ የማያመርት፣ የማይጭን፣ የማይሸጥም አለ።"

"እሱ ታዲያ ምን ሊያደርግ ይቀመጣል?"

"ሚዛኑን ያያል። ሻጩ ያለሱ ፈቃድ አይሸጥም፤ ዋጋውም በሱ በኩል ሳያልፍ አይቆረጥም። ገዥ ሲበደል የሚሰማውም እሱ ነው። ተቆጣጣሪ ማለት እሱ ነው። ሚዛን የሚያይ የሌለበት ቦታ ገበያ አይባልም፤ ግርግር ነው።"

ስርጉት እንጀራዋን የምትበላበት ቤት ከማን በላይ፣ ከማን በታች እንደሆነ በሰባት ዓመቷ የገባት ያን ቀን፣ ሽንኩርት ክምር አጠገብ ነው። አፈረችና ሽንኩርቱን ሳትመርጥ ገዝታ ሄደች።

ነገሩ ሁሉ የከፋው ባለፈው ዓመት በአንድ ረቡዕ ነው።

ኸይራት የምትባል የሞጣ ልጅ አለች፤ ትዳሯ ቢቸና ነው። ቤቷ ውስጥ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን አስገብታ ጫጩት እያስፈለፈለች ለአካባቢው ትሸጣለች። ማሽኑ ሃያ አንድ ቀን ሙቀቱ ሳይዛነፍ መብራት ይፈልጋል። በዚያ ሰሞን አራት መቶ እንቁላል አስገብታ ነበር፤ ረቡዕ ዕለት አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነው።

ስርጉት ሰኞ ዕለት ቢሮው ደጅ ማስታወቂያ ለጠፈች፤ ሐሙስ ለጥገና መብራት ከጧት እስከ ማታ እንደሚጠፋ የሚናገር። ኸይራት አነበበችው፤ አንብባም ሞጣ ላለው ወንድሟ ለአብዱራዛቅ ደወለች፤ አብዱራዛቅም ረቡዕ ማታ ጄኔሬተር ጭኖ ሊደርስላት ቃል ገባ። ሁሉ ነገር መላ ነበረው።

ረቡዕ ጧት ጠጋኞቹ ክሬን ያለውን መኪና ይዘው አንድ ቀን ቀድመው ከተፍ አሉ።

"ማስታወቂያው እኮ ሐሙስ ነው የሚለው" አለችው ስርጉት ለይታያል።

"መኪናው ነገ ሌላ ወረዳ ነው የሚፈለገው" አላት። "ረቡዕና ሐሙስ ጎረቤት ናቸው፤ ምን ያመጣል ብለሽ ነው?" ወጥቶም ሐሙስ የሚለውን ወረቀት በእጁ ገንጥሎ አነሳው። መብራቱ ጠፋ።

ኸይራት ማሽኑን በብርድ ልብስ ሸፈነችው፤ በጀሪካን ሙቅ ውኃ እያፈላች ከጎኑ ደረደረች፤ ጎረቤት ጠርታ ከሰል አስቀጠለች። ጄኔሬተሩ ሲደርስ ፀሐይ ጠልቃለች። በማግስቱ አንዱን እንቁላል ሰብራ አየችው። ላባ ያወጣ፣ መንቆሩ የተሠራ፣ ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶት የሞተ ጫጩት ነው። ሌላውን አልሰበረችም። ነጠላዋን አጣፍታ ጋሽ ገብረ ኪዳን ቤት ሄደች።

አቤቱታው ሁለት ገጽ ሁኖ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተላከ። ለቢሮው በደረሰው ቅጂ ላይ "ደርሷል" የሚለውን ማኅተም የመታችው ስርጉት ራሷ ናት። ያን ዕለት ሆዷ ስለ ኸይራት አዝኖ ነበርና እንኳን ጻፉላት ብላ ነበር።

ከወር በኋላ ከተቆጣጣሪው ጥያቄ መጣ፤ ለምን ከማስታወቂያ ውጭ መብራት ተቋረጠ የሚል። ይታያል ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ሰው ነው፤ አንዳንድ ቀን ልዩነቱ አይታወቅም። "ማስታወቂያ ያልተለጠፈው በደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዋ ቸልተኝነት ነው" ብሎ መለሰ። ለስርጉትም ከሥራ የማትሰናበትበትን ምክንያት እንድታስረዳ ደብዳቤ ሰጣት። ስርጉት እናቷንና ሁለት ልጆቿን የምታሳድረው በዚያች መስኮት ነው። ዕቃ ቤት ገባች፤ በዚያ ቀን ግን ከማንም ለመደበቅ አልነበረም።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ገብረ ኪዳን መጡ።

"ልጄ፣ ቃሉ ምን..."

"የእርስዎ አቤቱታ ከእንጀራዬ ሊነቅለኝ ነው" አለችና ደብዳቤውን በመስኮቱ ገፋ አደረገችላቸው።

ሁለት ጊዜ አነበቡት። "ይኸን እኔ አልጻፍሁትም" አሉ ቀስ ብለው።

"ያስጻፉት ግን እርስዎ ነዎት።"

ጋሽ ገብረ ኪዳን ፌስታላቸውን ፈቱ፤ መልሰው ጠቀለሉት። ስርጉት ባወቀቻቸው ዘመን ሁሉ አንቀጽ ሲያጡ ያየቻቸው ያን ጊዜ ነው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አላላትም።

ጉዳዩ የሚሰማው ሞጣ ተባለ፤ የተቆጣጣሪው ባለሙያ የብዙ ወረዳ አቤቱታ እዚያ ሰብስባ ትሰማለችና። በቀጠሮው ቀን ጧት ጋሽ ገብረ ኪዳንና ኸይራት ከአውቶቡሱ ፊት ተቀመጡ፤ ስርጉት ከኋላ፣ መስኮት ጥግ።

አዳራሹ ሞልቷል፤ ይታያልም ቀድሞ ደርሶ ከፊት ተቀምጧል። ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ስትናገር ድምፅዋን አታነሳም። የይታያልን መልስ በንባብ አሰማችና እንዲህ አለች፦ "ቢሮው ጥፋቱ የሠራተኛዋ ነው፣ እሷን ቀጥቼ ለወይዘሮ ኸይራት ካሣ እሰጣለሁ ብሏል። አመልካቾች ከተስማማችሁ ጉዳዩ ዛሬ ይዘጋል። ካልተስማማችሁ ቢሮው ራሱ ይመረመራል፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል።"

ስርጉት ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች። ሽማግሌው ስንት ዓመት ሲሟገቱ ኑረው ዛሬ ሊረቱ ነው። የሚረቱባት ደግሞ እሷ ናት።

ጋሽ ገብረ ኪዳን ከወንበራቸው በዝግታ ተነሱ። ፌስታሉን አልፈቱም።

"አቶ ይታያል፣ ማስታወቂያ አልተለጠፈም ነው የምትል?"

"አልተለጠፈም።"

"እንግዲያው ወይዘሮ ኸይራት ጄኔሬተሩን ለሐሙስ ያዘዘችው ማን ነግሯት ነው? ዶሮዎቹ?"

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

"ማስታወቂያው ነበር። ማክሰኞ ጧት እኔም አንብቤዋለሁ፤ ሁለት ፊደል ተሳስቶ አግኝቼ በቀይ አርሜበታለሁ። ይህች ልጅ በመስኮት እያየችኝ ነው ያረምሁት፤ ደስ እንዳላላትም ፊቷ ላይ አይቻለሁ።" ወደ ባለሙያዋ ዞሩ። "ሌላም አለኝ። መመሪያውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ስርጉት የሚል ስም አንድም ቦታ የለበትም። 'ባለፈቃዱ' ነው የሚለው። ባለፈቃዱ ያስታውቃል፤ ባለፈቃዱ ቀን ከለወጠ እንደገና ያስታውቃል። ፈቃዱን የወሰደው ድርጅቱ ነው። ሲሾም ድርጅቱ፣ ሲጠየቅ ስርጉት የሚል ትርጓሜ እኔ በቅኔ ቤትም አልሰማሁ።"

"አባቴ፣ ይህን ካሉ ካሣው ዛሬ አይወሰንም" አለች ባለሙያዋ።

"አውቃለሁ። ግን የተበደለችው እኔ አይደለሁም።" ኸይራትን አዩዋት። "ልጄ፣ እንቁላሉ ያንች ነው። ቃሉም ያንች ነው።"

ኸይራት ነጠላዋን ከትከሻዋ ሰብሰብ አድርጋ ተነሳች። ስርጉትን ከዚያ ቀን በፊት በመስኮት በኩል እንጂ ሙሉ ቁመቷን አይታት አታውቅም።

"እኔ አራት መቶ ነፍስ ቀብሬያለሁ" አለች። "አንድ ሰው ልጨምርባቸው አልመጣሁም። ይቆይ፤ እጠብቃለሁ።"

ያን ጊዜ ይታያል እጁን አወጣ። "ቀኑን የለወጥሁት እኔ ነኝ" አለ። "ወረቀቱንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። ስርጉት ነግራኝ ነበር። ፈራሁና ነው።"

ሰው ሁሉ ሊቀ አንቀጽ አሁን ምን ጠቅሰው ያደቁታል ብሎ ጠበቀ። "ፍርሃት በማንም ይደርሳል" አሉና ተቀመጡ። "አሁን ተናግረሃል፤ ይበቃል።"

ሲመለሱ ስርጉት ከኋላ ወንበር አልሄደችም። ኸይራት ዘመዶቿን ልታይ ሞጣ ቀርታለችና ከጋሽ ገብረ ኪዳን ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ሄዳ እዚያ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለች። የተዘጋጀችበት ንግግር ከዚህ ይረዝም ነበር።

"አብሮ ይስጠን።"

"ቆይ፣ ይህን ያህል ዓመት ምን ፈልገው ነው የሚመላለሱብን? የራስዎ መብራት እንደሁ ጠፍቶ አያውቅ።"

ጥያቄውን የጠበቁት አይመስልም። በመስኮት ወደ ውጭ፣ የተወቃ ጤፍ ወደ ተከመረበት አውድማ ለጥቂት ጊዜ አዩ።

"እኔ ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን አንድ ባለጠጋ ሞተር ነበረው" አሉ። "ለኛም ቤት አንዲት አምፖል ቀጥሎልን ነበር። ደስ ሲለው ያበራል፤ ሲያኮርፍ ያጠፋል። አንድ ጊዜ አባቴ በመንገድ ሲያልፍ እጅ አልነሳኝም ብሎ ሽቦዋን ቆረጣት። አባቴ ለማን ይናገር? የሚናገርበት ደጅ አልነበረም። ጨለማውን ችሎ ኖረ፤ ደጅ ማጣቱን ግን እስኪሞት አልቻለውም።" ፊታቸውን ወደሷ መለሱ። "ዛሬ ደጅ አለ። ደጁ ላይም የምትሰማ ልጅ አለች። አንዳንድ ቀን ዕቃ ቤት ትገባለች እንጂ፣ ስትወጣ ትሰማለች። ታዲያ ይህን የሚያህል ነገር አግኝቼ ዝም ብየ ልለፈው?"

ስርጉት ስለ ዕቃ ቤቱ ማወቃቸውን ስትሰማ ፊቷ ጋለ። ከዚያ ሳቀች፤ እየሳቀችም ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እሳቸውም ያላዩ መስለው መመሪያቸውን ከፌስታሉ አወጡና ያነቡ ጀመር። አውቶቡሱ ሲያንገጫግጫቸው በየመሀሉ መስመር ይጠፋባቸዋል፤ ስርጉት በጣቷ ታሳያቸዋለች። ደብረ ወርቅ ሲደርሱ እሷም አብራ እያነበበች ነበር።

ውሳኔው ሁለት ወር ፈጀ። ለኸይራት ተፈረደላት፤ ካሣውን ይዛ አዲስ እንቁላል አስገባች፤ በሃያ አንደኛው ቀን ቤቷ ውስጥ ሰው ለሰው መደማመጥ አልቻለም ይባላል። ይታያል በጽሑፍ ተገሠጸ፤ ከቦታው ግን አልተነሳም፤ ዛሬ አንዲት ሰዓት መብራት የሚያስጠፋ እንደሁ ራሱ ሜጋፎን ይዞ በባጃጅ ይዞራል። የስርጉት ደብዳቤ ተሻረ።

ከውሳኔው ጋር ሌላም ትእዛዝ ነበረበት። ቢሮው አንድ የደንበኞች ተወካይ ይመርጣል፤ ተወካዩ በሳምንት ሁለት ቀን እየተገኘ ማስታወቂያውንና የቅሬታ መዝገቡን ይመለከታል። ይታያል ቅጹን አምጥቶ ስርጉት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። "ደንበኞቹን የምታውቂያቸው አንች ነሽ፤ አንድ ደህና ሰው ጻፊ" አላት። ከወጣ በኋላ ተመልሶ አንገቱን በበሩ አስገባ። "ጸጥ ያለ ሰው ቢሆን አይከፋም።"

ስርጉት ጸጥ ያሉ ሰዎች ታውቃለች። ከእርሻ ኅብረቱ አንድ አለ፤ ከነጋዴዎቹም ሁለት አሉ፤ ፈርሙ ከተባሉ የሚፈርሙ፣ ሂዱ ከተባሉ የሚሄዱ። እስክሪብቶውን ይዛ ጥቂት አሰበች። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን የነበረው ሁለት ቀን እንደሚሆንባት እያወቀች፣ በንጹሕ ጽሕፈት "መምህር ገብረ ኪዳን" ብላ ጻፈች። ቅጹን ለመልእክተኛ አልሰጠችም፤ ራሷ በባጃጅ ይዛላቸው ሄደች።

በራቸው ላይ ቁመው አነበቡት።

"ማን ነው የጠቆመኝ?"

"ቢሮው ነው።"

"ቢሮ እጅ የለውም። ማን ጻፈው?"

"እኔ ነኝ።"

ወረቀቱን መልሰው አነበቡት። "እኔ እኮ አስቸጋሪ ሰው ነኝ" አሉ፤ ይህን የነገራቸው ሰው ያለ አይመስልም፤ ራሳቸው የደረሱበት ነው።

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"እና መቼ መቼ ነው የምመጣው?"

"ማክሰኞና ዓርብ" አለች ስርጉት። "ግን ጧት በጊዜ ይምጡ፤ ሰልፉ ሳይበዛ። የማይገቡኝ አንቀጾች አሉ።"